ለጊዜው ነው

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ቸርችል ጎዳና፣ አራተኛ ፎቅ፤
ከታች የጥበቃው ሬዲዮ፣ እዚህ የማሽን ክፍል ጩኸት፣
እኔ ደግሞ ቀዝቃዛ ሻይና የማይታዘዝ ሰርቨር ይዤ
ፋይል ፍለጋ ተቀምጫለሁ።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ለልጅ ቢነገር ይገባዋል፦
መጀመሪያ በስሙ ጠይቅ፣ ለዚህ ማሽን ብቻ የተጻፈ ካለ፤
ከሌለ በሰፈሩ፣
ሰፈሩም ከታጣ በዘሩ፣
ዘሩም ካልታወቀ፣ መቼም ራቁቱን አያድርምና፣
በማንም ልክ ያልተሰፋ፣ ሁሉንም የሚሰፋ
መደበኛ የሚሉት አለ፤ እሱን ይልበስና ይደር።
ግን ካገኘህ ቁም።
የቀረውን አትክፈት፤ አታማርጥ፤ አታወዳድር።

ዶሮ ማነቂያ፣ ቧንቧ የፈነዳ ቀን፣
እትዬ ፈትለወርቅ የላኩኝም እንዲሁ ነበር፦
«ጋሽ ደርብ ካለ እሱን፤
ከሌለ ደቀ መዝሙሩን፤
እሱም ከጠፋ መፍቻ የያዘ ማንንም አምጣ፣ ቤቱ ሳይዋኝ!»
ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም።
እስክሪፕት ምን እንደሆነ ሳላውቅ
በቁምጣ፣ በባዶ ሆዴ፣ እስክሪፕት ሆኜ ሮጬ ነበር።

ዛሬ የተቸገርኩት በማጣት አይደለም።
በማግኘት ነው።

የማሽኑ ስም ዶሮ ሁለት፤ ካምና ወዲህ ለገሃር ነው የሚኖረው።
ለገሃር የሚል ፋይል ጻፍኩለት፣ አዲስ አድራሻ፣ አዲስ በር፣
ፊደል በፊደል አይቼ፣ ሁለቴ ሦስቴ አርሜ።
አስነሳሁት። «ተገኝቷል» አለኝ፣ በአረንጓዴ።
ደግሜ አስነሳሁት። «ተገኝቷል።»
ማሽኑ ግን የሚያንኳኳው ሌላ በር ነው፤
መልስ ሲያጣ ሠላሳ ሰከንድ ይታገሳል፣
ደግሞ ያንኳኳል፣
ደግሞ ይታገሳል።

አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅሁት፦
አገኘሁ አልክ። የቱን?

በስሙ ያለውን። የፊተኛውን።
እኔ ያልጻፍኩትን፣ መኖሩንም የማላውቀውን።
ከአናቱ ላይ አንዲት መስመር፦
«ለጊዜው ነው። ሰኞ አጠፋዋለሁ። ጥላዬ።»

ሰኞ!
በሰባት ዓመት ስንት ሰኞ በዚህ መስኮት ሥር አለፈ።
እዚህ ከተማ ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው፤
ለጊዜው የታጠረ ቆርቆሮ ይዝጋል፣ ይቀየራል፣ ደግሞ ይዝጋል፤
ለልጅ ልጅ ተብሎ የቆመው ግንብ ነው
በአንድ ሳምንት ተጭኖ የሚሄደው።

ሲነጋጋ ደወልኩለት። ጥላዬ ዛሬ ኮዬ ፈጬ ነው፤
ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ይርቃል።
«አላጠፋሁትም እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።
«አድራሻው ምን ይላል?»
ቁጥር በቁጥር አነበብኩለት።
«እሱማ የእኛ ግቢ ምድር ቤት ነው» አለ፣
«ከልብስ ሰፊው ጀርባ። ሦስተኛዋ ደረጃ የተሰበረች።»
አሁን እዚያ ሣር አለ፣ ሽቅብ የሚረጭ ውሃ፣
ቀለም የሚቀያይር መብራት።
ሁለታችንም አላነሳነውም።

«ልሰርዘው?»
ዝም አለ። ከኋላው ልጅ ጫማዬ ጠፋ ብላ ታለቅሳለች።
«አትሰርዘው» አለኝ። «ስሙን ብቻ ቀይር።»

ጅራቱ ላይ «አሮጌ» የምትል ቃል ቀጠልኩ።
ፍለጋው በስሙ መጣ፤ አጣ፤ ወደ ሰፈሩ አለፈ፤
ለገሃርን አገኘ፤ ቆመ።
ያው አረንጓዴ። ከትናንቱ በምንም አይለይም።

ደረጃውን ወርጄ፣ ቁልቁለቱን ተከትዬ ለገሃር ደረስኩ።
አንድ ወያላ ከበሩ ተንጠልጥሎ
«ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው!» ይጣራል።
ሰዉ ተጋፍቶ ገባ።
የቱ ፒያሳ ያለ የለም።